የሰዓቷ ጀርባ

በእኛ ከተማ ሰዓት ማለት ሰው ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከሌላ አገር የመጣ አንባቢ ኋላ ግራ እንዳይገባው ብዬ ነው፤ እኔ ከአራተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሴት ነኝ፤ አንባቢ ግራ ሲገባው ተመልሼ ማስረዳት አልችልበትም።

አደባባያችን መካከል አንድ ክብ ድንጋይ አለ። ድንጋዩ ላይ ሰው ይቆማል። ጥላው መሬት ላይ ከተሰመሩት መስመሮች በየትኛው እንዳረፈ እየታየ ሰዓቱ ይታወቃል። ዳመና ከሆነ ሰዓት የለም፤ ሁላችንም እስኪገለጥ ድረስ ቤታችን ቁጭ እንላለን።

የልጅ ልጄ ወለላ ሰዓት እንድትሆን የተመረጠችው በአሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ቀጥ ብላ ትቆማለች፣ አትወዛወዝም፣ አንገቷም ረጅም ነው። እናቷ ወለላን ከወለደችልኝ በኋላ ብዙም አልቆየችም፤ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ስለዚህ ስትመረጥ ኩራቱም የኔ፣ ጭንቀቱም የኔ ሆነ። ከንጋት እስከ ስድስት ሰዓት ተራው የእሷ ነው፤ ከዚያ በኋላ አንድ ረጅም ሰውዬ ይተካታል። ደንቡ ግልጽ ነው። ሰዓት ባርኔጣ አታደርግም፣ የጥላዋ ራስ ይደነድናልና። ሰዓት ነጠላ አትከናነብም፣ ጥላዋ ይሰፋልና። ፀጉሯን ወደ ላይ ጠቅልላ፣ ማጅራቷንና ትከሻዋን ገልጣ ትቆማለች።

"ፀሐዩ አይጎዳትም ወይ?" ብዬ ሹሞቹን ጠየቅኩ።

"እማማ ድንቄ፣ ፀሐይ የማይነካው ሰዓት የት አይተው ያውቃሉ?" አሉኝ።

የት አይቼ አውቃለሁ? ዝም አልኩ። ዛሬ ድረስ የሚቆጨኝ ያ ዝምታ ነው።

ሦስት ዓመት እንደቆመች፣ አንድ እሑድ ሹሩባ ስሠራላት ማጅራቷ ላይ አንድ ጥቁር ነገር አየሁ። ምስር ያህላል፤ ጠርዙ ደግሞ እንደ ተቀደደ ወረቀት የተሸራረፈ ነው።

"ይኼ ድሮም ነበረ?" አልኳት።

"እኔ ማጅራቴን መች አይቼው አውቃለሁ፣ እምዬ? እሱን የምታውቂው አንቺ ነሽ።"

እኔ ግን አላውቀውም ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ ፀጉሯን ስጎነጉን ዓይኔ ጉንጉኑ ላይ እንጂ ቆዳዋ ላይ አልነበረም። በሁለተኛው ሳምንት ምስሩ ሽምብራ ሊሆን ምንም አልቀረው። እምቢ ብትለኝም እጇን ይዤ ቆዳ አንባቢው ዘንድ ወሰድኳት።

ቆዳ አንባቢ የምንለው የቆዳ ሕመም የሚያክመውን ሰው ነው። የኛው አቶ ልሳኑ ይባላሉ፤ ንግግር አያበዙም፣ ጥፍራቸው ሁልጊዜ ንጹሕ ነው። በአጉሊ መነጽር ረጅም ጊዜ ሲያነቧት ቆዩና "ክፉ ነው፤ ግን ገና አልሮጠም" አሉ። አደንዝዘው ቆረጡት። ዙሪያውንም ጨምረው ቆረጡ። ቁስሉ ሲጠግግ ደግሞ ጠሩንና አንድ ትልቅ ወረቀት ዘረጉ። ወረቀቱ ላይ የወለላን ፊትና ጀርባ ሣሉ፤ በሰውነቷ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ነጥብ፣ እያንዳንዷን ማርያም የሳመቻትን ምልክት ሁሉ በየቦታው አሰፈሩ። ሠላሳ አንድ ሆነ።

"ይህ ካርታዋ ነው" አሉኝ። "እርስዎ በየወሩ ቤት ውስጥ ይዩአት። ካርታው ላይ የሌለ ካገኙ፣ ያለውም ከተለወጠ፣ ይምጡ። ብብቷንና የአንገቷን ሥር በጣትዎ ይዳስሱ፤ እብጠት እንዳይኖር። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ በየሦስት ወሩ አያታለሁ፤ ከዚያ እስከ አምስት ዓመት በየስድስት ወሩ፤ ከዚያ በዓመት በዓመት።"

"እስከ መቼ?"

"እስካለች ድረስ።"

"አልዳነችም ማለት ነው?"

"ድናለች እማማ። ግን ነገሩ አንዴ መንገዱን አውቆታል። መንገዱ ላይ ሰው መቆም አለበት።"

እኔ ደግሞ መንገድ ላይ ቆሞ መጠበቅ ብቻ ነው የምችልበት። ልጅቱ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ እንኳ በር ላይ ቆሜ እስክትመለስ የምቆጥር ሴት ነኝ። ካርታውን ተቀብዬ ቤቴ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። አሥራ አንድ ቀን ተሰቀለ።

ሥራዬ ጥልፍ ነው፤ የቀሚስ ጥለትና የአንገት ጥልፍ እሠራለሁ። በእነዚያ አሥራ አንድ ቀናት አንድ ቁራጭ አቡጀዴ ወስጄ ካርታውን እያየሁ መጥለፍ ጀመርኩ። አርቄ አስቤ እንዳይመስላችሁ። ስጨነቅ እጄ ዝም ብሎ ይጠልፋል። ለጥ ያለውን ነጥብ በቡኒ ክር፣ ከፍ ያለውን በጥቁር፣ ጠባሳውን በቀይ አደረግኩት። ወለላ ገብታ አየችና ሳቋን ለቀቀችው።

"እምዬ፣ ቆዳዬን ልብስ አደረግሽው እኮ! ለሠርጌ ልትደርቢው ነው?"

"ዝም በይ፤ መርፌው ይወጋኛል" አልኳት።

በአርባኛው ቀን የደስታ ሹሙ መጡ። የደስታ ሹም በከተማችን ትልቅ ሹመት ነው፤ ሰው በጊዜው መደሰቱን ይቆጣጠራሉ። አንድ ሰው ታክሞ አርባ ቀን ከሞላው ድኗል ይባላል፤ ስሙ በዳኑ ሰዎች መዝገብ ይገባል፤ ከበሮ ይመታል፤ የሕመሙ ወረቀት ሁሉ አደባባይ ላይ ይቃጠላል። ወረቀቱን ማስቀመጥ ሕመሙን መጥራት ነው ይባላል። በዳኑ ሰዎች ብዛት ከጎረቤት ከተማ ጋር እንፎካከራለን፤ ያን ዓመት በሁለት ሰው እየመራን ነበር።

ካርታው ከግድግዳዬ ወርዶ ሲነድ ከሁሉ በላይ እልል ያልኩት እኔ ነኝ። ምን ላድርግ? ሰው ሁሉ ያየኝ ነበር። ሹሙም ደስ ብሏቸው ትከሻዬን ነካ አደረጉና "አሁን ይረፉ እንግዲህ፣ እማማ" አሉኝ። አቡጀዴው በዚያች ሰዓት የትራሴ ልብስ ውስጥ ነበር።

በማግሥቱ ወለላ ድንጋዩ ላይ ተመልሳ ቆመች። ድናለች አይደል?

ሦስት ወር ሲሞላ ይዣት ወደ ሐኪም ቤቱ ሄድኩ። በታመሙ ሰዎች መስኮት ያለው ጸሐፊ መዝገቡን ገለጠና "የዳነች ናት" አለ። "የዳነ ሰው በዚህ መስኮት አይስተናገድም። በዳኑ ሰዎች መስኮት ይሂዱ፤ ከሕንጻው ጀርባ ነው።"

ሄድን። መስኮቱ በጣም ያምራል። መጋረጃ አለው፣ ደፉ ላይ የአበባ ማሰሮ አለ፣ ማሰሮው ጫፍ ላይ አንዲት ዝንብ አርፋለች። ፊቱ ዘጠኝ ሰዎች በሥርዓት ተሰልፈዋል። አንድ ሰዓት ያህል ቆምን። ዝንቧ አልተነሣችም። ያን ጊዜ ጠጋ ብዬ ሳይ መስኮቱ ግድግዳው ላይ የተሣለ ነው።

ከፊታችን የቆሙት ሽማግሌ አቶ ደርበው ይባላሉ። "ሥዕል እኮ ነው!" ብላቸው "አውቃለሁ" አሉኝ በእርጋታ። "እዚህ ስሰለፍ አራት ዓመቴ ነው። ተረከዜ ላይ ነበር የወጣብኝ፤ ተቆርጦልኝ ድኛለሁ።"

"ታዲያ ምን ይጠብቃሉ?"

"ብሽሽቴ ላይ ትንሽ እብጠት ብጤ አለች። ሰው ጋ ላሳይ ብል 'ድነህ የለም ወይ፣ ደስታችንን ልትክድ ነው?' አሉኝ። እዚህ ስቆም ቢያንስ የጠየቅኩ ይመስለኛል።"

ወለላ ክንዴን ይዛ ጎተተችኝ። "ነይ እንሂድ፣ እምዬ። መስኮቱ ባይከፈት ይሻላል፤ ከከፈቱት ደግሞ ግድግዳው ይፈርሳል።" እንዲህ ናት እሷ፤ ስትፈራ ትቀልዳለች።

አቶ ደርበው በቀጣዩ ዝናብ አረፉ። ለቅሶው ላይ የደስታ ሹሙ ተነሥተው፣ ሟቹ በዳኑ ሰዎች መዝገብ እንዳሉ፣ ስማቸውም እንደማይሰረዝ አረጋገጡልን። "ፍጹም ጤነኛ ሆነው ነው የሞቱት" አሉ። ሰው ራሱን ነቀነቀ። እኔ ቤቴ ገብቼ አቡጀዴውን ከትራሴ አወጣሁ።

ከዚያ በኋላ፣ እውነቱን ልናገር፣ በወር አንዴ የተባልኩትን በሳምንት፣ ኋላም በየቀኑ አደረግኩት። ወለላ ከአደባባይ ስትመለስ ገና ደፉን ሳትሻገር አንገቷን እጠመዝዛለሁ። ስትበላ ብብቷን እዳስሳለሁ። አንድ ቀን የቁንጫ ንክሻ አይቼ ግማሽ ቀን አለቀስኩ። በመጨረሻ ልጅቱ እጄን ከላይዋ አነሣችው።

"እምዬ፣ እኔን ካየሽኝ ስንት ጊዜሽ ነው?"

"አሁን እያየሁሽ አይደል?"

"ጀርባዬን ነው የምታዪው። ከተማው ሁሉ በቀን መቶ ጊዜ ጥላዬን ያያል። አንቺ ማጅራቴን ታያለሽ። ደህና ዋልሽ ወይ ያለኝ ሰው የለም። እኔስ? እኔ የት ነኝ?"

ከዚያች ቀን ጀምሮ አላሳየኝም አለች። ነጠላዋን እስከ ጆሮዋ ተከናንባ ትተኛ ጀመር። ሁለት ወር አለፈ። ሁለት ወር ማለት ለኔ ምን እንደሆነ ምን ብዬ ልጻፍ? እሷ አደባባይ ላይ ትቆማለች፣ እኔ ከሩቅ ጥግ ይዤ ስለ ሁለታችን እቆማለሁ።

አንድ ከሰዓት በኋላ በርጩማ ስቤ ፊት ለፊቷ ቁጭ አልኩ።

"ወለላዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ፊትሽን ደፍሬ የማላየው እናትሽን ስለምትመስዪ ነው። እሷን ሳያት ሳያት ነው ያመለጠችኝ። ጀርባ ግን ማንንም አይመስልም።"

ልጅቱ እጇን ጉንጬ ላይ አደረገች። "እንግዲያው ሕግ እናውጣ" አለች። "በወር አንድ ጊዜ ብቻ። መጀመሪያ ፊቴን ታያለሽ፤ እንዴት ነሽ ትዪኛለሽ፤ እውነቱን እነግርሻለሁ። ከዚያ እዞርልሻለሁ።"

"እሺ። እንዴት ነሽ?"

"ፈርቻለሁ" አለች። ይህን ብላ ዞረች።

አቡጀዴውን ጭኔ ላይ ዘርግቼ ከላይ እስከ ታች እያንዳንዱን ነጥብ ከክሩ ጋር አስተያየሁ። ሠላሳ አንዱም በየቦታቸው አሉ። ከጠባሳው ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ ግን አንዲት የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ነገር አለች። አቡጀዴው ላይ ቦታዋ ባዶ ነው። በምራቄ አራስኩት፣ ፈተግኩት፤ አልለቀቀም።

"ምንም የለም" አልኩ።

ዞር ብላ ፊቴን አየችው። አዲሱ ሕጋችን ለሁለታችንም የሚሠራ መሆኑን ረስቼው ነበር። "የት ነው?" አለችኝ።

በማግሥቱ ጠዋት አቶ ልሳኑ ቤት ሄጄ በራቸው ላይ ቆምኩ። ስለ ሰሊጧ ስነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ። "እማማ ድንቄ፣ የዳነ ሰው መርምሬ ከተገኘሁ ቢላዬን ይወስዱብኛል። ያን ጊዜ የታመሙትንስ ማን ያያቸዋል? ካርታዋም ተቃጥሏል፤ ያለ ካርታ ባያትስ አዲስ ይሁን አሮጌ በምን አውቃለሁ?" አሉ። እውነታቸውን ነው። እውነት መሆኑ ነው ያስለቀሰኝ። አቡጀዴው ጉያዬ ውስጥ ነበር፤ ግን ያሮጊት ጥልፍ በካርታ ቦታ ይቆማል ብዬ ላወጣው አልደፈርኩም።

እያለቀስኩ ወደ አደባባዩ ተመለስኩ። አምስት ሰዓት ገደማ ነው። ወለላ ቆማለች። አንድ አናጢ መጣ፣ ጥላዋን አየ፣ ሄደ። ሁለት ሴቶች መጡ፣ ጥላዋን አዩ፣ "ረፍዶብናል!" ብለው ሮጡ። ከኋላቸው ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? አቶ ልሳኑ። ለሥራቸው ሰዓቱን ሊያዩ ነው የመጡት። እንደማንኛውም ሰው መሬቱን አይተው ሊሄዱ ሲሉ፣ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ከአፌ አንድ ነገር አመለጠኝ።

"አቶ ልሳኑ! ሰዓት ማየትስ ይከለከላል?"

ቆሙ። "አይከለከልም" አሉ ቀስ ብለው። "ሰዓት የሕዝብ ነው።"

"ከየትኛውም ወገን?"

"በደንቡ ላይ ወገን አልተጻፈም።" ወደ ወለላ ጀርባ ዞሩ። እኔ ከጉያዬ አቡጀዴውን አውጥቼ፣ ፀሐይ ላይ እንደማሰጣ ሰው፣ ከድንጋዩ ሥር ዘረጋሁት። ሰውየው ዝቅ ብለው አዩት። ቀና ብለው አንገቷን አዩት። መልሰው ዝቅ አሉ። እንዲያ ጥርሳቸውን ገልጠው ሲስቁ ከዚያ በፊት አይቻቸው አላውቅም። "እማማ፣ ማን አስተማረዎት?" አሉኝ በሹክሹክታ፣ አጉሊ መነጽራቸውን እያወጡ።

"ጭንቀት ነዋ!"

የደስታ ሹሙ እንደዚህ ባለው ጊዜ ከየት ብቅ እንደሚሉ አይታወቅም። "ምን እየተደረገ ነው እዚህ?" አሉ።

"ሰዓት እያየሁ ነው፣ ክቡር ሹም" አሉ አቶ ልሳኑ።

"በአጉሊ መነጽር?"

"ዓይኔ ደክሟል።"

"እሺ፣ ታዲያ ስንት ሰዓት ነው?"

አቶ ልሳኑ መነጽሩን ወደ ኪሳቸው መለሱ። ወለላ ድንጋዩ ላይ አልተነቃነቀችም፤ ትከሻዋ ላይ ያለችው ላብ ብቻ ወደ ታች ወረደች።

"ሰዓቱ ሊዛነፍ ነው" አሉ አቶ ልሳኑ። "ካልተጠገነ ይቆማል።"

ሹሙ ደነገጡ። የዳነ ሰው መታመም አይችልም፤ ሰዓት ግን ሊበላሽ እንደሚችል ማንም ያውቃል። ደንቡን ከኪሳቸው አውጥተው ቁጭ ብለው አነበቡ። "ሰዓት ሲበላሽ ሳይውል ሳያድር ይጠገናል" አነበቡ። "ሰዓት በየሦስት ወሩ ይፈተሻል። ይህ እስከ ዛሬ ለምን አልተደረገም?" ብለው አቶ ልሳኑን ተቆጡ።

"ጥፋት ነው" አሉ አቶ ልሳኑ አንገታቸውን ደፍተው። "የፍተሻው መዝገብስ? ይቃጠላል?"

"የከተማ ንብረት መዝገብ ማን ያቃጥላል? እብድ ነዎት?"

በዚያው ቀን ድንጋዩ ላይ "ሰዓቱ በጥገና ላይ ነው" የሚል ሰሌዳ ቆመ። ሰሊጧ ተቆረጠች። አቶ ልሳኑ ሦስት ቀን መርምረዋት ጠሩን። ወለላ እጄን ይዛ፣ እኔ እሷን ይዤ፣ ማን ማንን እንደደገፈ ሳይታወቅ ገባን።

"ይቺ ነጥብ ክፉ ለመሆን ገና ሐሳቧን ያልቆረጠች ነበረች" አሉን። "አንድ ዓመት ብትቆይ ኖሮ ግን ትቆርጥ ነበር።"

ወለላ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ስትቀልድ እንጂ ስታለቅስ ብዙ አላውቃትም።

የቀረውን ባጭሩ ልጻፈው። አቶ ልሳኑ በጥገናው መዝገብ ላይ "ሰዓቱ ክዳን ያስፈልገዋል" ብለው ስለጻፉ ለወለላ ትልቅ ጃንጥላ ተገዛላት። ጥላዋ ሰፍቶ ሦስት መስመር በአንድ ጊዜ ይሸፍናል፤ ስለዚህ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ያለው ጊዜ አንድ ሆነ። በመጀመሪያ ሰው አጉረመረመ። ኋላ ግን ሽንኩርት ሻጮቹ ጥላው ውስጥ ገብተው ይቀመጡ ጀመር፤ "አራት ሰዓት ውስጥ ቦታ ያዢልኝ" ይባባላሉ። በተሣለው መስኮት ፊት ይሰለፉ የነበሩትም ነገሩን ሰምተው፣ አንዱ ሩብ ሰዓት ልሁን፣ ሌላው ደቂቃ ልሁን እያሉ አመለከቱ። የደስታ ሹሙ ለሁሉም ፈቀዱ፤ የጎረቤት ከተማ አንድ ሰዓት ብቻ ነው ያለው። ዛሬ አርባ ሦስት ሰዓቶች አሉን፤ ሁሉም ክዳን አላቸው፤ ሁሉም በየጊዜው ይፈተሻሉ። ትክክለኛውን ጊዜ የሚያውቅ ሰው ግን ከተማው ውስጥ አይገኝም። መስኮቱን በየዓመቱ ቀለም ያድሱታል። መስኮቱን ባየሁት ቁጥር አቶ ደርበውን አስታውሳለሁ።

አሁን አሥራ አንድ ዓመት ሆነ። ወለላ ፍተሻዋ በዓመት አንዴ ሆኗል፤ የኛ የቤቱ ግን እንደ ሕጉ በየወሩ ነው። አቡጀዴው ላይ ሁለት ቀይ ጠባሳዎች አሉ፤ ነጥቦቹ ሠላሳ ስድስት ደርሰዋል፤ አምስቱ አዲስ ቢሆኑም ምንም አይሉም ተብለዋል። እኔ ግን አምናቸዋለሁ? አላምናቸውም። ዓይኔ ስለደከመ መርፌው ላይ ክር የምታስገባልኝ እሷ ናት።

ባለፈው ወር ክሩን አስገብታ አልሰጠችኝም። ከሳጥን ውስጥ አዲስ አቡጀዴ አወጣች።

"ይኼ የማን ነው?" አልኳት።

"ያንቺ። ስድሳ ዓመት ሙሉ ፀሐይ ላይ ስታሰጪ፣ እኔን ስትጠብቂ በር ላይ ስትቆሚ የኖርሽው አንቺ፣ ጀርባሽን ማን አይቶልሻል?"

"የኔማ ያረጀ ነው፤ ምን ይታያል!"

"ሰማይ ነው የሚሆነው፣ አውቃለሁ። ክር አያልቅብኝም።"

ልብሴን ከትከሻዬ ዝቅ ለማድረግ ዞር ልል ስል ክንዴን ያዘችኝ። በርጩማዋን ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች፤ ጉልበቷ ጉልበቴን ነካው፤ ምንም ሳትቸኩል ፊቴን አየችው።

"እንዴት ነሽ፣ እምዬ?"

እውነቱን ነገርኳት። ከዚያ ዞርኩላት።